ቤት ውስጥ ሙዚቃ መቅዳት፦ ከወሎ ተደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያ፣ ከባቲና ከሐይቅ የሚመጡት ጥያቄዎች ብዙም አይለያዩም። ስቱዲዮ መግባት ኪስ ይጎዳል። አዲስ አበባ መሄድ ደግሞ ከነትራንስፖርቱና ከነአልጋው ሌላ ወጪ ነው። ስለዚህ ጠያቂው ሁሉ በእጁ ባለው ነገር እቤቱ መሥራት ይፈልጋል። መልሶቼ ከዕቃ ይልቅ ስለ ክፍል፣ ስለ ርቀትና ስለ ሰዓት ቢያወሩ ቅር አይበላችሁ። ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ምን ልግዛ?

ምንም። መጀመሪያ ባላችሁ ስልክ አንድ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ቅዱና ረጋ ብላችሁ አዳምጡት። የጎደለውን ጆሯችሁ ይነግራችኋል። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ከመሰለ ችግሩ ክፍሉ ነው። የጎረቤት ቴሌቪዥን ከገባበት ችግሩ ሰዓቱ ነው። ሁለቱንም ማይክ አይፈታቸውም። እንዲያውም ጥሩ ማይክ መጥፎ ክፍልን አጥርቶ ያሰማል።

የግድ እንግዛ ካላችሁ ጆሮን ሙሉ በሙሉ በሚሸፍን ሄድፎን ጀምሩ። ቀጥሎ የማይክ ማቆሚያ፣ ከዚያ ማይክ። ሰው ሁሉ ግን ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚገዛው። ማቆሚያ የሌለው ውድ ማይክ በእጅ ሲያዝ የጣት ኮሽታ ነው የሚቀዳው።

ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ይሆናል?

ይሆናል። የስልክ ማይክ የተሠራው ለንግግር ቢሆንም ለአንድ ድምፅና ለአንድ ክራር አያንስም። ጣጣው አያያዙ ላይ ነው።

ማይኩ ብዙውን ጊዜ ያለው ከታች፣ ቻርጀር በሚሰካበት በኩል ነው። እሱን ወደ ዘፋኙ አዙሩት። ከቨሩ ቀዳዳውን ከሸፈነው አውልቁት። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡ፤ የእግር ኮቴውም የክራሩ ንዝረትም በእንጨቱ በኩል ይገባል። ከሥሩ የታጠፈ ጋቢ ወይም ፎጣ አድርጉ። ከአፍ አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፣ ከአፍ ፊት ለፊትም ትንሽ ወደ ጎን ይበል።

ኤርፕሌን ሞድ አትርሱ። ስልክ የሚደወለው ሁልጊዜ ያማረው የቀረጻ ዙር ላይ ነው። የውጭ ማይክ ከሰካችሁ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ርካሽ ቻርጀር እዝ የሚል ድምፅ ያስገባል።

ከስልኩ ጋር የመጣው የድምፅ መቅጃ ብዙ ጊዜ ፋይሉን ይጨምቃል፣ ድምፁንም በራሱ ፈቃድ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ዝም ስትሉ የክፍሉ ሽሽታ ቀስ እያለ ሽቅብ ሲመጣ ከሰማችሁ ጥፋቱ የእሱ ነው። ይህን ማጥፋት የሚያስችልና በዋቭ (ባልተጨመቀ ፋይል) የሚቀዳ አፕ ፈልጉ። ዋቭ ግን ቦታ ይበላል። በሲዲ ጥራት አንድ ደቂቃ ስቴሪዮ 10 ሜጋባይት ገደማ ነው። ሜሞሪያችሁን ቀድማችሁ አራግፉት።

የትኛው ክፍል ይሻላል? የእንቁላል ካርቶን ልለጥፍ ወይ?

ካርቶኑን ተዉት። ቀጭን ወረቀት ነው። የውጭ ድምፅ አያግድም፣ የውስጡንም ማስተጋባት ቢነካው ከላይ ከላዩ ነው። ሙጫውና ግድግዳው ነው የሚቀርባችሁ።

እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ግቡና አንዴ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ ጥርርር የሚል ጅራት ከሰማችሁ ያ ክፍል ወድቋል። የብሎኬት ግድግዳና የሴራሚክ ወለል ያለው አዲስ ሳሎን አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ፈተና ላይ ነው። የጭቃ ቤት ግን ሳይታሰብ ያልፋል። ግድግዳው ወጣ ገባ ነው። ወለሉ ምንጣፍ ለብሷል። ኮርኒሱ አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ ከሆነ ደግሞ ድምፁን ያለዝበዋል። የአያቶቻችሁ ቤት ባዶ ከሆነ፣ ከተከራያችሁት ኮንዶሚኒየም በፊት እሱን ሞክሩት።

ከክፍሎች ሁሉ የምመርጠው መኝታ ቤት ነው። አልጋውና ፍራሹ ብቻ የሥራውን እኩሌታ ይሠራሉ። ቁም ሣጥን ካለ በሩን ክፈቱና ልብሱ ወደ ክፍሉ ይይ። ከዚያ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ። የት? አብዛኛው ሰው የሚሰቅለው ከማይኩ ኋላ ነው። ማይኩ ግን የሚያየው ዘፋኙንና ከዘፋኙ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ነው። ስለዚህ ብርድ ልብሱ ከጀርባችሁ ይሁን። የልብስ ማስጫ ገመድ ወጥራችሁ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቅ አድርጋችሁ ብትሰቅሉት፣ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የበለጠ ይሠራል። ጥግ ላይ አትቁሙ፤ ጥግ ወፍራሙን ድምፅ ያሳብጣል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ሁሉ የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ ውጭ የሚጮኸውን አያስቀርም። ውጩን የሚያስቀረው ከባድ ግድግዳና ክፍተት የሌለው በር ነው። ያ ደግሞ ለተከራይ የሚታሰብ አይደለም።

ታዲያ ሰፈሩ ጫጫታ ከሆነስ?

ሰዓት ፈልጉለት። ሥራ ቀን ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ ብዙ ሰፈር ላይ ረገብ ይላል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፣ ትልቁም ሰው ወጥቷል። ሌሊት ጸጥታ ይመስላል እንጂ ውሻው አለ። በየሰዓቱ የክፍሉን ዝምታ አንድ አንድ ደቂቃ እየቀዳችሁ በሄድፎን አዳምጡ። ጆሯችን የለመደውን ድምፅ ይዘለዋል፤ ማይክ አይዘለውም። ፍሪጁን ያን ጊዜ ነው የምታውቁት።

ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ባጃጅ ዳገት ሲወጣ የሚያቃስተው ድምፅ ወፍራም ስለሆነ መስኮት ብትዘጉም ይገባል። መንገድ ዳር የሆናችሁ የኋላ ክፍል ፈልጉ። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ይከብዳል፣ ግን ቬንትሌተሩ ሲቀዳ ይጥፋ። በዙር መሀል ክፈቱት። የቆርቆሮ ጣሪያ ደግሞ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ቋ፣ ቋ ይላል። እስኪረጋ ጠብቁት።

መብራት ሲጠፋ አትናደዱ። ላፕቶፑ ቻርጅ ካለው እሱ ነው የቀረጻ ሰዓት። ፍሪጅ የለም፣ ቴፕ የለም፣ ወፍጮ ቤቱም ዝም ይላል። ጎረቤት ጄኔሬተር እስኪያስነሳ ድረስ ሁለት ሦስት ዙር ታወጣላችሁ።

ሐምሌና ነሐሴስ?

ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የደሴ ዝናብን የሚያጠፋ ሶፍትዌር የለም። ጫጫታ ማጽጃው ዝናቡን ሲያነሳ ድምፃችሁንም ይዞ ይሄዳል፤ የሚተርፈው ከውኃ ውስጥ የሚዘፍን ሰው ነው። ክረምት ብዙ ጊዜ የሚዘንበው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ድምፅና ማሲንቆ ጠዋት ይቀዳ። ዝናቡ ሲመጣ በገመድ በቀጥታ የሚገባውን ሥሩ፦ ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታር፣ ኤሌክትሪክ ክራር። ወይም ያለፈውን ቁረጡ፣ ቀጥሉ፣ አስተካክሉ። በልግ ያላችሁ ደጋዎች ይህን ሁለቴ ታቅዳላችሁ።

የትኛውን ማይክ ትመክረኛለህ? ኮንደንሰር ወይስ ዳይናሚክ?

ሻጩ ኮንደንሰር ይላችኋል። እኔ ለአብዛኛው የወሎ ቤት ዳይናሚክ እላለሁ። ኮንደንሰር ሩቁንም ቅርቡንም ይለቅማል። የዘፋኙን ትንፋሽ አሳምሮ ሲያመጣ የጎረቤትን ዶሮም አብሮ ያመጣል። ዳይናሚክ ቅርቡን ይይዛል፣ ሩቁን ይተዋል። ክፍላችሁ የጭብጨባውን ፈተና ካለፈና ሰፈሩም ጸጥ ካለ ኮንደንሰሩን ግዙ፤ ለማሲንቆና ለዋሽንት ያምራል።

ትክክለኛ ኮንደንሰር 48 ቮልት ይፈልጋል። ይህን የሚሰጠው ሳውንድ ካርዱ (ማይክን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ሳጥን) ወይም ሚክሰሩ ነው። ገበያ ላይ ቢኤም-800 የሚባለው ርካሽ ማይክ ከቀጭን ገመዱ ጋር ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ ሽሽታ የሚያበዛው በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንዴ ማይኩ ራሱ ያን ያህል መጥፎ አይደለም፤ የሚበላውን አላገኘም።

ከ1966 ጀምሮ በዓለም መድረኮች ላይ ያለው ሹር ኤስኤም58 ጥሩ ማይክ ነው። ተመሳስሎ የተሠራው ግን ከእውነተኛው ይልቅ በዝቷል። ዋጋው ለማመን የሚከብድ ከሆነ አትመኑት። የተመሳሰለው እንኳን ለልምምድ ይሆናል፣ ብቻ የእውነተኛውን ዋጋ አትክፈሉበት።

የ«ጰ» እና የ«ፐ» ንፋስ ማይኩን ከመታው ሽቦ አጥፋችሁ ክብ ሥሩና የሴት ስቶኪንግ ወጥሩበት። ከማይኩ አራት ጣት ፊት አቁሙት። ከሱቁ ዕቃ ጋር ልዩነቱን የሚለይ ሰው አላየሁም።

ሳውንድ ካርድ የግድ ነው?

የዩኤስቢ ማይክ ከገዛችሁ አይደለም፤ ካርዱ በውስጡ አለ። ነገ ክራርና ድምፅን በአንድ ጊዜ ለየብቻ መቅዳት ከፈለጋችሁ ግን ሁለት መግቢያ ያለው ካርድ ይሻላል። የዩኤስቢ ማይክ ሁለት አድርጎ ማገናኘት ራስ ምታት ነው።

ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት እንዴት ይቀዳሉ?

ማሲንቆ የምትቀዱ መጀመሪያ ቆዳውን እዩ። ደጋ ላይ በእርጥብ ቀን ቆዳው ይላላል፣ ድምፁም ይታፈናል። ፀሐይ ላይ ወይም ከእሳት ራቅ አድርጋችሁ ትንሽ አሙቁት። ጭራው ካንሸራተተ ዕጣን ይቀባ። ማይኩን ከቆዳው ፊት ሁለት ስንዝር ያህል አርቃችሁ አቁሙ፣ ደጋኑ ክሩን ከሚነካበት ቦታ ግን ዞር ይበል። እዚያ ከተጠጋ ፍትጊያው ዜማውን ይበልጠዋል። ፍትጊያውን ጨርሳችሁ አታጥፉት ደግሞ፤ ፍትጊያ የሌለው ማሲንቆ ኪቦርድ ይመስላል።

አዝማሪው እየመታ የሚዘፍን ከሆነ ለያይታችሁ አትቅዱት። ደጋኑ የሚሳበው ከትንፋሹ ጋር ነው። መጀመሪያ ማሲንቆ፣ ከዚያ ድምፅ ስትሉት ሁለቱም ይደርቃሉ። አንድ ማይክ በአፉና በማሲንቆው መሀል ይቁም። ድምፁ ካነሰ ማይኩ ወደ ላይ፣ ማሲንቆው ካነሰ ወደ ታች። ሁለት ጣት ማንቀሳቀስ ብዙ ይለውጣል። ሚክሲንግ (ድምፆችን ማመጣጠን) ማለት እዚህ ቦታ ይኸው ነው።

ክራር በቀጥታ ከቆዳው ፊት ከተቀዳ ይጎረናል። ማይኩን አንድ ስንዝር ተኩል አርቁና ወደ ጅማቶቹ ዘንበል አድርጉት። ኤሌክትሪክ ክራር ከሆነ በገመድ ይግባ፣ ከተቻለ ግን በማይክም ደርቡት።

ዋሽንት ትንፋሹ ያስቸግራል። ማይኩ አፉ ጋ አይሁን። ከላይ ወደ ጣቶቹ ይመልከት። ከበሮ ከአንድ ሜትር ወዲህ አይቅረብ።

ቅኝቱን ስታስተካክሉ ዋሽንቱን አስቀድሙ። ክራርና ማሲንቆ ይከረራሉ፣ ይላላሉ። ዋሽንት ግን ቀርከሃው በተበሳበት ይቀራል፤ ለዚህ ነው ዋሽንት ነፊ ብዙ ዋሽንት ይዞ የሚዞረው። ሁሉም ለእሱ ይቃኝ። ኪቦርድ ካለም በፋይን ቱን (ቅኝቱን በጥቂት በጥቂቱ በሚያስተካክለው) ወደ ዋሽንቱ ይምጣ። ኪቦርዱን ቀድማችሁ ቀድታችሁ ከሆነ ሥራችሁን እንደገና ትጀምራላችሁ።

የመንዙማ ቡድናችንን በአንድ ማይክ መቅዳት እንችላለን?

ትችላላችሁ። ማመጣጠን ማለት ሰዎቹን ማስቀመጥ ነው። መሪው ለማይኩ አንድ ሜትር ይቅረብ። ተቀባዮቹ ከኋላው በግማሽ ክብ ይቀመጡ። ድቤው ከሁሉም ኋላ ይሁን፣ ከተቻለ ምንጣፍ ላይ። የአንድ ደቂቃ ሙከራ ቅዱ፣ አዳምጡ፣ ከዚያ ሰው አዘዋውሩ። ጭብጨባ ከድቤ የበለጠ ያስቸግራል። ስል ስለሆነ መጠኑን በአንዴ ይዘልላል። ከፊት ያሉት በተከፈተ መዳፍ ሳይሆን መዳፋቸውን ጎድጎድ አድርገው ቢያጨበጭቡ ይለዝባል።

ሐድራ (የመንዙማና የዱዓ ስብሰባ) ላይ የምትቀዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ታላላቆቹን አስፈቅዱ። የሚቀዳውንና ወደ ኢንተርኔት የሚወጣውን ለይታችሁ ጠይቁ። ሁለቱ አንድ ፈቃድ አይደሉም።

ከፍ ስል ድምፄ ይሰነጠቃል። ለምን?

ጌይኑ (የመቅጃው የድምፅ መቀበያ መጠን) በዝቷል። ዲጂታል ላይ ከ0 ዴሲቤል በላይ የሚባል ነገር የለም፤ የተረፈው ይቆረጣል፣ የተቆረጠውም አይመለስም። የዘፈኑን ከፍተኛውን ቦታ ዘፍናችሁ ጫፉ -12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲያርፍ አስተካክሉ። 24 ቢት የሚል የቀረጻ ጥራት ካለ ምረጡት፤ ዝቅ አድርጎ መቅዳት አያስፈራም። ዘፋኝ ደግሞ ለልምምድ ቀስ ይልና ቀረጻ ሲጀመር ይጮኻል። ለእሱ ቦታ ተዉለት።

በሄድፎን የምሰማው ድምፄ ዘግይቶ ይመጣብኛል።

ሳውንድ ካርዱ ላይ ዳይሬክት ሞኒተር የሚል ካለ ክፈቱት። ከሌለ በሶፍትዌሩ በፈር ሳይዙን (ኮምፒውተሩ ድምፁን አጠራቅሞ የሚሠራበትን መጠን) ሲቀዳ ወደ 128 አውርዱት፣ ሚክስ ስታደርጉ ወደ 512 መልሱት። ብሉቱዝ ሄድፎን ለቀረጻ አይሆንም።

ሶፍትዌሩስ?

ላፕቶፕ ላይ ኦዳሲቲ ነፃ ነው፤ ለመቅዳትና ለመቁረጥ ይበቃል። ብዙ ትራክ (ለየብቻ የተቀዳ ድምፅ) ለሚሠራ ሪፐር ይሻላል። በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይሮጣል፣ 60 ቀንም በነፃ ይሞከራል። አይፎን ያላችሁ ጋራዥባንድ በእጃችሁ አለ። አንድሮይድ ላይ ባንድላብን ሞክሩ። አንዱን ምረጡና እሱ ላይ ክረሙ። ሶፍትዌር ሲቀያይር ዓመቱ የሚያልፍበት ልጅ ብዙ ነው።

ኦቶቱን (የሳተ ድምፅን የሚያቀና ሶፍትዌር) ልጠቀም?

ለአምባሰል ቅኝት? ለባቲ ቅኝት? ባትጠቀሙ እመርጣለሁ። የወሎ ዘፈን ውበቱ ቅላጼው ላይ ነው። ድምፁ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሲንሸራተት፣ ሲርገበገብ፣ መሀል ላይ ሲዘገይ። ማሽኑ ያን ሁሉ ስህተት አድርጎ ያያል። በሜጀር ስኬል (በፈረንጆቹ ሰባት ኖታ) ላይ ከተዋችሁት ደግሞ ዜማውን ከነጭራሹ ወደ ሌላ ቅኝት ይጎትተዋል።

የግድ ካላችሁ የዘፈኑን አምስት ኖታ ብቻ ክፈቱለት። አምባሰልን ከዶ ብትነሱ ዶ፣ ሬ ቤሞል (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው። የቀሩትን ዝጉ። ፍጥነቱንም ዘገም አድርጉት፣ የሳተውን ረጅም ድምፅ ብቻ ይንካ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ዙር ጨምራችሁ ዝፈኑት። ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ማስተካከል አምስት ደቂቃ መዝፈን ይቀላል።

ሜትሮኖምም (ምት የሚቆጥረው) እንደዚያው ነው። ለጭፈራ ዘፈን ያስፈልጋል። ለዝግ ያለ ትዝታ ግን ገመድ ነው፤ ዜማው መተንፈስ ይፈልጋል።

ሪቨርብ (ሰው ሠራሽ ማስተጋባት) ምን ያህል?

ከሚመስላችሁ ግማሹን። አጥፍታችሁ ስታዳምጡ ከጎደላችሁ፣ ከፍታችሁ ስታዳምጡ ደግሞ ካላስተዋላችሁት ልኩ እሱ ነው። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን በጣም ወፍራም ድምፅ ከዘፋኙ ትራክ ላይ ቁረጡ፤ እዚያ ያለው ኮቴና መኪና ነው። ጮክ እንዲል ብላችሁም አታጭቁት፤ ዩቲዩብ የበዛውን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል።

ቤታችን የቆየ ካሴት አለ። ወደ ኮምፒውተር ላስገባው እችላለሁ?

ቶሎ አስገቡት። የቴፑን ሄድ (ካሴቱን የሚያነበውን ብረት) በጥጥና በአልኮል ጥረጉ። ካሴቱን ከማጫወታችሁ በፊት አንዴ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ኋላ አጠንጥኑት፤ ዓመታት ተጠቅልሎ የተጣበቀው ይላቀቃል። ከቴፑ የሄድፎን ቀዳዳ ወደ ሳውንድ ካርዱ በገመድ አገናኙ፣ የቴፑን ድምፅ መሀል ላይ አድርጉ። ቴፑ በድንጋይ ከሠራ የመብራቱ ሁምታ ይቀራል። የ90 ደቂቃ ካሴት አንዱ ፊት 45 ደቂቃ ነው፤ ሳታቋርጡ ቅዱትና በኋላ ቁረጡት። ካጸዳችሁት ጋር ያልጸዳውንም ኦሪጅናል አስቀምጡ።

የድሮ ዘፈን ዘፍኜ ብለቅ ችግር አለው?

ማን እንደደረሰው የማይታወቅ የሕዝብ ዜማ ሌላ ነው። ደራሲ ያለው ግጥምና ዜማ ግን በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው። መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። «የወሎ ዘፈን ነው» ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት ማጀቢያም የሌላ ሰው ሥራ ነው።

ሚክሱን ለሌላ ሰው መላክ ብፈልግ እንዴት ላዘጋጀው?

እያንዳንዱን ትራክ ለየብቻ በዋቭ አውጡ። ሁሉም ከዜሮ ሰከንድ ይጀምር፣ ዋሽንቱ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ቢገባም። አለበለዚያ ተቀባዩ የት እንደሚያስቀምጠው አያውቅም። ሪቨርቡን አጥፉ። ስሙን «ድምፅ 1»፣ «ማሲንቆ»፣ «ከበሮ» እያላችሁ ጻፉ፤ «አዲስ የመጨረሻ 2» አትበሉ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ይሁን፣ በድምፅ መልእክት ከላካችሁት ተጨምቆ ነው የሚደርሰው። ኔት ከዘገየ በፍላሽ ስጡት፣ አንድ ቅጂ ግን እናንተ ጋ ይቅር።